ሱሉልታ የመለስነው ጄት

ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ ከቡራዩ ብዙ አልወጣም። ከዚያ በፊት ግን ቆራሌ ነበርኩ። ጆንያዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ «ቆራሌው!» እያልኩ ሰበታንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም በእግሬ አዳርሻለሁ። የተቀደደ ድስት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የሞተ ሬድዮ፣ ብቻ ሰው ከቤቴ ይውጣልኝ ያለውን ሁሉ ገዝቼ ምናለሽ ተራ ወስጄ አስረክባለሁ። የሥራችን ወግ ዕቃውን መመዘን ነው። ከየት መጣ፣ የማን ነበር ብሎ ቆራሌ አይጠይቅም። ቢጠይቅ ቀኑ ይመሽበታል፤ ድስት ሁሉ የራሱ ወሬ አለው።

የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ያገኘሁት ሰበታ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ጊዜውን ጨርሶ ሲሄድ ትቶት የሄደውን ጥርቅም የቤቱ ሠራተኛ በጆንያ ሞልታ ሸጠችልኝ። ቤቴ አምጥቼ ስዘረግፈው ከሥር አንዲት የብረት ጄት ወጣች። የጦር አውሮፕላን ናት። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም፤ ሳነሣት ግን ከመጠኗ በላይ ከበደችኝ። ሴት ልጄ አስተማሪ ናት፤ ሆዷ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችልኝና «አባዬ፣ ይሄ እኮ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ሞዴል ነው። ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ ማለት ነው» አለችኝ። እውነትም ክንፏ ላይ ያለው ብሎን ሁሉ፣ የጎማዋ ጥርስ ሁሉ፣ እየተቀነሰ እየተቀነሰ ቦታው ላይ አለ። የመስተዋቷን ክዳን በጥፍሬ ከፈትኩት። ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል። የራስ ቁር አድርጓል፤ ፊት ግን የለውም።

ምናለሽ ተራ ልወስዳት አልቻልኩም።

ለምን እንደወደድኳት ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እውነተኛውን ጄት ደኅና አድርጌ አይቼው አላውቅም። ድምፁ ሲመጣ እሱ አልፏል፤ ቀና ስትሉ ሰማዩ ባዶ ነው። ይህቺኛዋ ግን ቆማ ትታያለች። የፈለጋችሁትን ያህል ብታዩዋት አታልፍም። እንግዲህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በቆራሌዎች ዘንድ ተዳረሰ። አንዱ ጭራዋ የተሰበረ ያመጣልኛል፣ ሌላው ጎማዋ የወለቀ። ሙጫ አለኝ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አለኝ፣ ለጎማዋ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አለኝ። ሚሳይሏ የጠፋባትን ከምስማር ሞርጄ ሠርቼላታለሁ። በኋለኛው ክፍል ግድግዳው ላይ የጣውላ መደርደሪያ መታሁና በሰልፍ አቆምኳቸው፤ ነብር የሚመስሉ፣ ሰማይ የሚመስሉ፣ አሸዋ የሚመስሉ። እኔ ሁሉንም ሚግ ነው የምላቸው፤ ልጄ አይደሉም ትላለች።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ «ሌላው ሰው በሽምግልናው መቁጠሪያ ይይዛል፤ የእኔው ሚግ ይዟል» ትላለች። አዲስ ባመጣሁ ቁጥር ደግሞ «ዛሬስ ማንን ልትደበድብ ነው?» ትለኛለች።

«አንቺን» እላታለሁ።

«በምን ጉልበትህ! ደግሞ አብራሪህን ተመልከተው፣ ፊት እንኳ የለው።»

ግራጫው የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያመጣልኝ የሱሉልታው ጓደኛዬ ነው። እሱም ቆራሌ ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ያንሰኛል፣ አሁንም ይሠራል። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነው የምንጫወተው። እሱ «ጃርሳ» ይለኛል፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው፤ እኔ «ኦቦ» እለዋለሁ፣ አቶ እንደ ማለት ነው።

«አካም ቡልቴ ጃርሳ! ዛሬ ያመጣሁልህን ብታይ ትሞታለህ» አለኝ ከበሩ።

«እንግዲያው አታሳየኝ፣ ገና ነኝ።»

«ከአሮጌ ድስት ውስጥ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ክዳኑን እንኳ ሳትከፍት ነው የሰጠችኝ። ድስቱ ለእኔ፣ ይሄ ለአንተ።»

ከሌሎቹ ሁሉ አርጅቷል። ጎማ የለውም፤ እግሮቹን አጥፎ እንደሚበር ሆኖ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ በሆዱ ነው የሚተኛው። የመስተዋቱ ክዳን ከመወልወል ብዛት ነጥቷል፣ ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላል። ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አይታይም። አንደኛው ክንፉ ላይ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ብቅ ብሏል። መጀመሪያ ጭረት መሰለኝ። ወደ ብርሃን አወጣሁት። ጭረት አይደለም፣ ዝገትም አይደለም። ለስልሷል። በአውራ ጣት የሚያህል ቦታ ላይ፣ ደረጃ በሰው እግር እንደሚበላው፣ ተበልቷል። የራሴን አውራ ጣት አስቀመጥኩበት። ጣቴ ሰፋ። ከእኔ ባነሰ ጣት ነው የተበላው።

ይሄን ሳውቅ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ግን ዕድሜ ልኬን አልጠየቅሁም፤ ያን ቀንም አልጠየቅሁም። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ሌሎቹ ዞረዋል። ሁልጊዜ አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ አድርጌ ነው የማቆማቸው። አሁን ግን ከግራም ከቀኝም ያሉት ወደ መካከል ዞረው ግራጫውን ያያሉ። ባለቤቴን ጠራኋት።

«ካባው ነው» አለች። ከእኛ ሰፈር በላይ የድንጋይ ካባ አለ፤ ድማሚት ሲያፈነዱ ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። «ደግሞ ይሄ አዲሱ ከባድ ነው፣ ጣውላህን አጉብጦታል። ጎማ ያለው ነገር ወደ ጎድጓዳው ይንከባለላል። ይሄ ምን ይገርማል?»

ልክ ነው አልኩ። ግራጫውን አንሥቼ ጫፍ ላይ፣ ጣውላው ግድግዳው ውስጥ የገባበት ቦታ፣ ከማይጎብጠው ላይ አደረግሁት። ሌሎቹን ወደ መስኮቱ መለስኳቸው። እሑድ ነበር፤ ካባው እሑድ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ሁሉም ወደ ጫፉ ዞረዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ መሳቋን ተወች። እሷ ፈሪ አይደለችም፤ ጅብ በዱላ ያባረረች ሴት ናት። ግን ያንን ክፍል ስትጠርግ በሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት ጀመረች።

«ያንን ግራጫውን ስወለውል ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «ሊያናግረኝ የሚፈልግ አይደለም። ዝም ብሎ የሚጠብቅ። የማን ቤት ዕቃ ነው?»

«የሱሉልታ ነው።»

«የማን ነው አልኩህ እንጂ የት ነው አልኩህ?»



መልሱ ከጥቂት ቀን በኋላ በስልክ መጣ። ጓደኛዬ ነው፤ ሰላምታውን እንኳ አልቀለደበትም። «ጃርሳ፣ ያ አውሮፕላን አለ? ለሰው አልሰጠኸውም? ያ ዋቃ፣ ተመስገን» አለኝና ነገሩን ነገረኝ።

ድስቱን የሸጠችለት ሴት ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትየው በጣም አርጅተዋል። ወንድ ልጃቸው የጄት አብራሪ ነበር። በዚያ በረጅሙ ጦርነት ጊዜ አንድ ጠዋት ተነሥቶ በረረ፣ አልተመለሰም። የወደቀበት አልታወቀም፣ አስከሬን አልመጣም። ግራጫውን ሲሠለጥን ከቆየበት አገር ያመጣላቸው እሱ ነው። «ይሄን አስቀምጪልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሏቸዋል። እናትየው ሲያስቀምጡለት ኖሩ። ልቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አላወጡም፣ ቄስ ፍትሐት እንዲያደርስለት አልፈቀዱም። ልቅሶ ልንደርስ ብለው የመጡ ሰዎችን «ማን ሞቶ?» ብለው ከበር መልሰዋል። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ያንን ጄት ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው እያሹ ይቀመጣሉ።

ልጃቸው ለወንድሟ አዘነች። ያለ ፍትሐት የቀረ ሰው ነው። እናቷም ላይ ሞት እየቀረበ ነው። ጄቱ ከቤት ቢወጣ ቁርጣቸውን አውቀው ፍትሐቱን ይፈቅዱ ይሆናል ብላ፣ ፀበል በሄዱበት ከድስት ውስጥ ሸሽጋ ለቆራሌ ሰጠችው። እናትየው ከፀበሉ ሰንብተው ተመልሰው ባዶውን ቦታ አዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከውኃ በቀር አልቀመሱም፤ ከልጃቸውም ጋር አልተነጋገሩም።

«ልጅቱ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ» አለ ጓደኛዬ። «'ወንድሜን አሳርፋለሁ ብዬ እናቴን ልገድላት ነው' ትላለች። አምጣልን።»

አልዋሽም፣ ቅር ብሎኛል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ሆኖ ነበር፤ እየፈራሁትም ቢሆን። ባለቤቴ ግን ስልኩን ሳልዘጋ ከሣጥኗ ነጭ ነጠላ አውጥታ መጠቅለል ጀመረች። «ራቁቱን አይሄድም» አለች። ሲጠቀለል የሆነ ልጅ ይመስል ነበር።

እናትና ልጅ ስላኮረፉ፣ ጄቱን ሰጥቶ መውጣት ብቻ አይበቃም፤ ማስታረቅም አለ። ለዕርቅ ደግሞ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ማለዳም ነው የሚኬደው፣ ሰው ወዲያ ወዲህ ሳይል። ስለዚህ ጓደኛዬ አንድ ሦስተኛ ሽማግሌ ጨመረ፤ ዱሮ የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበሩ የሰፈሩ ሰው ናቸው። «አፋቸው ማር ነው፣ እሳቸው የገቡበት ነገር አይበላሽም» አለኝ። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፍሬ ሱሉልታ ወጣሁና ዋዜማውን ጓደኛዬ ቤት አደርኩ።

ጠዋት ስንወጣ ጭጋግ ነው። የሱሉልታን ጭጋግ ያላየ ሰው ብርዱን ብቻ ነው የሚያወራው። ሜዳው የለም፣ ተራራው የለም፤ ከፊታችሁ የአጥር እንጨት አንድ በአንድ እየመጣ ያልፋል። የፈረስ ትንፋሽ ይሰማል፣ ፈረሱ አይታይም። ሦስታችንም ነጭ ጋቢ ደርበናል። እኔ ጄቱን ከጋቢዬ ሥር በደረቴ ይዣለሁ። የወፍጮው ሰውዬ ከፊት፣ እኛ ከኋላቸው። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፣ ጎንበስ ብለው፣ መሬቱን እያዩ። ጭቃውን ፈርተው መሰለኝ።

ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን የበር ማጠፊያ ጮኸ። ዞርኩ፤ ማንም አልታየኝም። ሌላ በር ጮኸ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ በጭቃው ላይ ጨፍ ጨፍ የሚል። አንድ ሰው አይደለም። ቆም ስንል ኮቴውም ይቆማል።

«ኪዳን የሚሄዱ ናቸው» አለ ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቤተ ክርስቲያኑ በዚህ ነው?»

ጓደኛዬ በአገጩ ወደ ማዶ ጠቆመኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በሌላ በኩል ነበር።

እንደገና ዞርኩ። አሁን ቀርበዋል። ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፣ ከኋላዋ ሁለት፣ ከዚያ ወንዶች፣ ከዚያ ብዙ ሰው። አንዱም ሰላም አላለንም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ከአንገታቸው ሥር ነው። በእኛ አገር ነጠላ እንዲያ የሚለበሰው ለልቅሶ ነው። የማን ልቅሶ ነው ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሁሉም እኔን እያየ ነበር። ፊቴን አይደለም። ከጋቢዬ ሥር የያዝኩትን ነጩን ጥቅል።

የወፍጮው ሰውዬ ያን ጊዜ ገና ዞር አሉ። ሰዉን አዩት። ጋቢያቸውን አዩት። ከንፈራቸው ነጣ።

«ወይኔ ጉዴ» አሉ። «እኔን አይተው ነው።»

«ምን አድርገው?»

«እዚህ ሰፈር መርዶ የምነግረው እኔ ነኝ። በማለዳ ጋቢ ለብሼ ስወጣ ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም።» ወደ እግራቸው አዩ። «አረማመዴም እንደዚያው ሆኗል መሰለኝ። ለምዶብኛል።»

ጓደኛዬ ግንባሩን ያዘ። «ታዲያ ይመልሷቸዋ!»

«ምን ብዬ? 'የመጣነው ለአሻንጉሊት ነው' ልበላቸው?»

ያን ስንባባል በሩ ላይ ደርሰን ኖሯል። ማንም ሳያንኳኳ ተከፈተ። ልጅቱ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ ሴት። እንደምንመጣ ታውቃለች፤ የጠራችን እሷ ናት። ግን የወፍጮውን ሰውዬ አየች፣ ከኋላችን ጭጋጉ ውስጥ የቆመውን ሰው አየች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ ደረቴ ላይ ያለውን ነጭ ነገር አየች። ራሷ የላከችብንን ረሳችው። ሐሳቧ ፊቷ ላይ ሲለወጥ አየሁት።

«ተገኘ?» አለች። «ወንድሜ ተገኘ?»

ከኋላችን ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ምን ልበላችሁ፣ ያን የመሰለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ትኩስ ሐዘን አልነበረም። ስንት ዓመት ተይዞ የቆየ ነገር ነው፣ ግድብ እንደጣሰ። ገፍቶን ገባ። እኔ «አይደለም፣ አይደለም» እያልኩ ነው፤ የራሴ ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። ስረጋጋ ግቢው ውስጥ ነኝ፣ ደረጃው ላይ እናትየው ቆመዋል።

ትንሽ ናቸው። ነጭ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እሳቸው ብቻ አያለቅሱም። ሦስታችንን አንድ በአንድ አዩንና እኔ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸው። ነጠላውን ሳይፈቱ በላዩ ላይ ዳሰሱት፣ ሕፃን የታመመበትን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው። አውራ ጣታቸው ክንፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ፣ በሩን ዘጉት።

ከኋላዬ አንዱ «አጥንቱ ነው» ሲል ሰማሁ። ሌላው ተቀበለው። «አጥንቱ መጣ።» «ሽማግሌው ከሩቅ አገር ተሸክሞት መጣ።» ፀሐይ ጭጋጉን ሳትገልጠው የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ የሱሉልታ ሰው ሁሉ አብራሪው በእቅፍ ተይዞ ወደ እናቱ እንደተመለሰ ያወራል። አንዲት ሴት መጥታ እጄን ሳመችኝ። እጄን ስነጥቃት የበለጠ አለቀሰች።

መሄድ አልቻልንም። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ «ጃርሳ፣ አሁን ተነሥተን ብንወጣ ይሻላል ወይስ ብንቀመጥ?» ይለኛል። የወፍጮው ሰውዬ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ ያ ማር አንደበታቸው የት እንደሄደ እንጃ። ቄሱ መጥተዋል፣ ግን ፍትሐቱን አልጀመሩም። «እናትየው ካልፈቀዱ አልችልም። ሦስት ጊዜ ከበር መልሰውኛል» አሉ። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነበር። እናትየው በነዚያ ቀናት ሁሉ እህል እንዳልቀመሱ አውቃለሁ። ጄቱን ያገኙ እንደሆነ ይበሉ ይሆናል ብለን የመጣን ሰዎች፣ በጄቱ ፋንታ መርዶ ይዘን ገባን። ያ በር እንደተዘጋ ቢቀርስ?

ከሰዓት በኋላ በሩ ገርበብ አለ። ልጅቱ መጥታ ጎንበስ አለችና «ከቡራዩ የመጡትን ትፈልጋለች። ብቻቸውን» አለችኝ።

ገባሁ። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ትንሽ መስኮት። ጄቱ ከነጠላው ወጥቶ ጉልበታቸው ላይ ነው። ያ ከባለቤቴ ኋላ ይቆም የነበረ ነገር፣ ስገባ ከእኔ ጋር የገባ መሰለኝ፤ በሩን ስዘጋ ትንሽ ቦታ ትቼ ነው የዘጋሁት። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ አላውቅም።

«ይቀመጡ» አሉኝ። «ምን ይሠራሉ?»

«ቆራሌ ነበርኩ፣ እማማ።»

«ልጄን በድስት የወሰዱብኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም። ጓደኛዬ ነው።»

«ቆራሌ ሁሉ አንድ ነው» አሉ፤ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ለምን እንደመጣችሁ ገና ከደረጃው ላይ ነው ያወቅሁት። ከጋቢዎ ሥር ቅርጹ ያስታውቃል። እኔ እኮ በጨለማም እለየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ሰዉ እኮ...»

«ሰዉማ! አላዩትም? ነጠላውን እንዴት ፈጥኖ አዘቀዘቀው። ተዘጋጅቶ ነው የኖረው። እኔ ነኝ ያስጠበቅሁት።» ወደ ድንኳኑ በኩል ጆሮ ሰጡ። «አብረውት ያደጉት አሉ። ያጠባችው ጎረቤት አለች፣ እሷም አርጅታለች። እኔ ስለከለከልኳቸው ያላለቀሱለት ናቸው። እንዴት ብዬ 'ተመለሱ' ልበላቸው?»

ጄቱን ያሻሉ።

«ግን አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «ያኔ ከጦሩ የመጡት ሰዎች 'ጠፍቷል' ነው ያሉኝ። የጠፋ በግም ይገኛል። ዛሬም ሁሉም ጮኸ እንጂ የነገረኝ ሰው የለም። ሞቷል ብሎ አፉን ሞልቶ የነገረኝ እስካሁን አንድ ሰው የለም። ይንገሩኝ።»

«እኔ?» አልኩ። «እማማ፣ እኔ ልጅዎን አላውቀውም። ምንም የማውቀው ነገር የለኝም።»

«ለዚህ ነው ያስጠራሁዎት። የሚያውቁት አይችሉም። ልጄ ብትነግረኝ ነገ ትጸጸታለች፣ እኔም ፊቷን ባየሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። እርስዎ ግን ቡራዩ ይገባሉ።»

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሜያለሁ። እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። ብነግራቸው ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ አላውቅም፤ ባልነግራቸው ግን እዚያው ወንበር ላይ ውኃ እየጠጡ እንደሚያልቁ አየሁት።

«ልጅዎ... ዐርፏል፣ እማማ።»

«እንደሱ አይደለም። በደንብ።»

«ሞቷል» አልኩ። «ልጅዎ ሞቷል። አይመጣም።»

ያቺን ቃል እስከምናገር ድረስ ሰውዬው በሕይወት የነበረ መሰለኝ። አሁንም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ይመስለኛል። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሥቶ የወጣ ያህል፣ ገርበብ ያደረግሁት በር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ይሆናል። ሱሉልታ ነፋስ አያጣም።

እናትየው አልጮኹም። ጄቱን ከጉልበታቸው አንሥተው አልጋው ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ባዶ ሲሆን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

«እሺ» አሉ። «ቄሱን ይጀምሩ ይበሏቸው። ከዚያ ልጄን የሚቀመስ ነገር አምጪልኝ ይበሏት።»

ወጣሁና ነገርኩ። ልጅቱ የምግቡን ስትሰማ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ቄሱ ተነሡ፣ ሰዉም ተነሣ። ፍትሐት በክርስትና ስም ነው የሚደርሰው፤ ቄሱም ወደ ልጅቱ ዞረው «የክርስትና ስሙን» አሏት።

አፏን ከፈተች። ጠበቅን። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ አለ። በስንት ዓመት ማንም ያልጠራው ስም ነው። «ጠፋኝ» አለች በሹክሹክታ። «አባ፣ ጠፋኝ።» ሰው እርስ በርስ ተያየ። ከዚያ ሁሉ አልቃሽ የሚያውቀው አንድም አልነበረም።

ያን ጊዜ ከውስጥ እናትየው ጠሩት። ለቄሱ እንደሚነግር ሰው አይደለም። ከሜዳ ውሎ የዘገየ ልጅ ለእራት እንደሚጠራ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገው፣ ስሙን ጠሩት። ሰው ሁሉ ወደ ግቢው በር ዞረ። እኔም ዞርኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውጭው ጠርቷል፣ ሜዳው እስከ ተራራው ድረስ ይታያል።

ማንም አልመጣም። ቄሱ ስሙን ደገሙትና ጀመሩ።